ካለመናገር የቀረ ሥራ

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እነዚያው አበው መልሰው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ሁለቱንም ከአንድ ቤት ሰምተናል፤ ነገር ግን በልጅነታችን አብዝቶ የተነገረን የመጀመሪያው ነው። ታላቅ ሲናገር ልጅ ያዳምጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ የሠራውን መልካም ሥራ ሌላ ሰው ያውራለት እንጂ ራሱ አያወራም። እኛም በዚሁ ያደግን ነንና አስተዳደጉን ልንነቅፍ አልተነሣንም። ዳሩ ግን ከጤና ትምህርት ክፍሎች የተመረቁ ጓደኞቻችን በቀጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበትን ምክንያት ስንመረምር፣ ካገኘናቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የለመድነው ዝምታ ሆነብን። ስለዚህ በዚህ ገጽ ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን።

«የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ከመርፌና ከፋሻ ምን አገናኘው?» የሚለን አይታጣም። መልሳችን አጭር ነው። ነገ ስንታመም የምንተኛው እነርሱ በሚጠብቁት አልጋ ላይ ነውና ማን እንደሚቀጠር፣ እንዴትም እንደሚመረጥ ያገባናል። ከዚህም ሌላ ነገሩ የንግግር ነገር ነው፤ ንግግር ደግሞ የእኛ ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ የመጣበትን መንገድ እንመልከት። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ፈጀ። ብዙም ሳይቆይ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ አብረው እየሠለጠኑ፣ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። በዚያ ዘመን ሥራው ተመራቂውን ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ተመራቂው ሥራውን ይጠብቃል።

ይህ መገለባበጥ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ የጤና ትምህርት ቤቶች በየክፍለ ሀገሩ በዙ፤ የግል ኮሌጆችም ተጨመሩ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተጀመረ። መስፋፋቱ ተገቢ ነበር፤ አገሪቱ የጤና ባለሙያ አልተረፋትምና። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሕዝብ 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ ብሎ በልኬትነት አስቀምጧል፤ እኛ ከዚህ እጅግ ዝቅ ብለን እንገኛለን። እንግዲህ በሽተኛው ነርስ አጥቶ፣ ነርሷ ሥራ አጥታ፣ ሁለቱ በአንድ ከተማ ሳይገናኙ ይኖራሉ። ምክንያቱ እንቆቅልሽ አይደለም። ወረዳው ነርስ ቢያንሰውም ነርስ የሚቀጠርበት መደብ በበጀት ካልተያዘለት ማስታወቂያ ማውጣት አይችልም። የጎደለው ሠራተኛ ሳይሆን የሚከፈልበት ወንበር ነው።

ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ቃል ፈተና ዝግጅት የሚሰብክ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በተመራቂው ላይ ጥሎ መሄድ ይወዳል። አማረልህ ብትናገር፣ ከረባት ብታስር፣ ሥራ ታገኝ ነበር ይላል። እኛ ይህን አንልም። ሁለት ወንበር ባለበት ቤት ሃያው ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ አሥራ ስምንቱ ቆሞ ይቀራል። ዝግጅት ወንበር አይጨምርም። ነገር ግን ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ የሚገባው ሰው እንዲቀመጥ ሊያደርግ ይችላልና ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩን በአንዲት ጓደኛችን እናስረዳ። የእርሷንም ሆነ የፈተናትን ሆስፒታል ስም አንጠራም። በአዋላጅ ነርስነት በጥሩ ውጤት የተመረቀች ልጅ ናት። ማስታወቂያውን ያገኘችው በቴሌግራም ነበር። ታላላቆቻችን አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ ይገለብጡ ነበር፤ እኛ በስልካችን እንገለብጣለን። ልፋቱ አንድ ነው። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል በመሆኑ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ከዚያ በፊት ያየቻቸው ሁሉ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚሉ ነበሩና። ቀጣሪው ሁሉ አዲሱን ተመራቂ ልምድ አምጣ ካለው፣ ልምዱ በየትኛው ገበያ እንደሚሸጥ አብሮ ቢነግረው መልካም ነበር።

የጽሑፉን ፈተና አለፈች። ለቃል ፈተናው በተጠራች ቀን ሦስት ሆነን ሸኘናት። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ገብታ ስትወጣ ግን 10 ደቂቃ አልሞላም። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ቢሏት ስሟንና የተመረቀችበትን ዓመት ተናግራ ዝም አለች። «ከሌሎቹ ይልቅ አንቺን የምንመርጠው ለምንድን ነው?» ቢሏት «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» አለች። «የወለደች እናት ደም ቢፈሳት ምን ታደርጊያለሽ?» ቢሏት፣ ነገሩን አሳምራ እያወቀችው ድምፅዋ አልወጣ ብሏት «ሐኪም እጠራለሁ» ብቻ አለች። አመስግነው ቀጣዩን ጠሩ።

ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን ልናጽናናት ስንሞክር፣ ወሬ ወሬን አንሥቶ አንድ ነገር አጫወተችን። በተግባር ልምምድ ላይ ሳለች አንድ ሌሊት ሕፃን ሳይተነፍስ ተወለደ። ተቆጣጣሪዋ በዚያች ሰዓት ከሌላ ምጥ ከያዛት እናት ጋር ነበረች። ልጅቱ ሕፃኑን አደረቀችው፤ በሙቅ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ጀርባውን አሸችው። እምቢ ሲል ጭንብሉን ከፊቱ ገጥማ በከረጢቱ አየር ትሰጠው ጀመር፤ እየሰጠችም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቆጣጣሪዋን ተጣራች። ይህ ሁሉ የተጀመረው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪዋ ስትደርስ ሕፃኑ እያለቀሰ ነበር። እኛም ተደንቀን «ታዲያ ይህን ለኮሚቴው ለምን አልነገርሻቸውም?» አልናት። «ራሴን ማመስገን ይሆንብኛል» አለችን።

እኛ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያች መልስ ምክንያት ነው።

መመጻደቅ ሌላ ነው፤ መመስከር ሌላ ነው። «እኔ ታታሪ ነኝ፣ ኀላፊነት ይሰማኛል፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ» የሚል ሰው ራሱን እያመሰገነ ነው፤ ሰሚውም አያምነውም፤ ቃሉን ሁሉም ተመራቂ በቃሉ ይዞታልና። «በዚህ ሌሊት ይህን አየሁ፤ ይህን አደረግሁ፤ እገሌን ጠራሁ፤ ይህ ሆነ» የሚል ሰው ግን ራሱን አላመሰገነም። የሆነውን መሰከረ። ምስጋናውን ከፈለገ ሰሚው ይስጠው።

ይህ አነጋገር ለጤና ተማሪ እንግዳ አይደለም። በየጧቱና በየማታው በክፍሉ ውስጥ ርክክብ አለ። ተረኛዋ ነርስ ለምትተካት ስታስረክብ «እኔ ጎበዝ ነኝ» አትልም። «አልጋ 6 ያሉት እናት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የደም ግፊታቸው ከፍ አለ፤ ለተረኛው ሐኪም አሳወቅሁ፤ የታዘዘውን ሰጠሁ፤ 9 ሰዓት ላይ ስለካ ወርዶ ነበር፤ አሁንም በየሰዓቱ ይታይ» ትላለች። ታዲያ ጓደኞቻችን ለቃል ፈተና የሚሆን መልስ ፍለጋ የቅጥር ምክር የሚሸጡትን መጻሕፍት ለምን ይበረብራሉ? መልሱ በየቀኑ በአፋቸው ላይ ነው። ያየሁት፣ ያደረግሁት፣ የጠራሁት፣ የሆነው፤ አራት አጥንት ነው፤ ሥጋውን ከገዛ ልምምዳቸው ይልበሱበት።

ለሕዝባችንም ቢሆን ቆሞ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት በየቀኑ ይቆማል፤ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይመለስና እንደገና ይቆጥራል። ባላገሩም በዳኛ ፊት ቆሞ በላ ልበልሃ እያለ ሲሟገት የኖረ ነው። እንግዲህ አንገት መድፋትን ያስተማረን ባህል ቆሞ መናገርንም አስተምሮ ነበር። በመካከል ያመለጠን ነገር አለ። ከታችኛው ክፍል ጀምረን በወረቀት ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያከበብን ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖርን። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲጀመር ያም በምርጫ የሚመለስ ሆኖ መጣ፤ የጤና ተማሪዎች ከዚያም ቀደም ብሎ የሚያውቁት የሙያ ብቃት ምዘና ጽሑፍ እንዲሁ ነው። በወረቀት ላይ ያለው እውቀት መልካም ነው። ነገር ግን አራት መልስ ተደርድሮለት የለመደ ሰው፣ አምስት ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መልስ ሳይደረድርለት ሲጠይቀው ቢደነግጥ አያስገርምም።

ለኮሚቴው አንድ እውነት እንስጠው። በአምስት ሰው ፊት መናገር ያቃታት ነርስ፣ በእኩለ ሌሊት የደከመ ሐኪም ቀስቅሳ «ይህ መጠን የበዛ ይመስለኛል» ማለት እንዴት ይሆንላታል ብሎ ቢጠራጠር፣ ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም። በሕክምና ቤት ውስጥ ዝምታ አደጋ ነው። ጨዋነት ተብሎ የተዋጠ ቃል በሽተኛ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የቃል ፈተናው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በመጥፎ አቀራረብ ቢቀርብም፣ ከሥሩ ያለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ የሚገባውን መልስ ማዘጋጀትም ግዴታችን ነው።

ዝግጅቱ እንዴት ይሁን? ከተቀጠሩትም ካልተቀጠሩትም ጠይቀን የሰማነውን እንጻፍ።

አንደኛ፣ ድንገተኛ ሕመሞችን ድምፅ አውጥቶ፣ ቆሞ መለማመድ ነው። ጓደኛችን ስለ ደም መፍሰስ በኋላ ለእኛ ስትነግረን እንዲህ አለች። «ረዳት እጠራለሁ፤ ማሕፀኗን አሻለሁ፤ ፊኛዋን ባዶ አደርጋለሁ፤ የደም ሥር መስመር እከፍታለሁ፤ ኦክሲቶሲን እሰጣለሁ፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን አያለሁ፤ መቀደድ እንዳለ እመረምራለሁ፤ የልብ ምቷንና ግፊቷን እየለካሁ እመዘግባለሁ።» እንዲህ የምታውቅ ልጅ ናት እንግዲህ «ሐኪም እጠራለሁ» ብላ የወጣችው። በልብ ማወቅና በአፍ ማውጣት ሁለት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የሚገኘው በመደጋገም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚያመለክቱበትን ቤት ማወቅ ነው። በአገራችን የጤና አደረጃጀት የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የሚጠብቀው ሥራ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ያውቃል። አካባቢው ቆላ ነው ወይስ ደጋ? ወባ አለበት? ሰዉ የሚናገረው ቋንቋ ምንድን ነው? በገጠር ኦሮሚያ ለመሥራት ያመለከተ ሰው «የት ያምዎታል?» የሚለውን በአፋን ኦሮሞ መጠየቅ ካልቻለ፣ በቀሪው እውቀቱ ከበሽተኛው ጋር እንዴት ይገናኛል? ቋንቋ ለጤና ባለሙያ እንደ ማዳመጫው ያለ መሣሪያ ነው።

ሦስተኛ፣ «አላውቅም» ማለትን መማር ነው። ሁለት ዓይነት አላውቅም አለ። አንዱ አንገት ደፍቶ የሚቀር ነው። ሌላው «የዚህን መድኃኒት የሕፃናት መጠን በቃሌ አልያዝሁትም፤ ከመስጠቴ በፊት መመሪያውን አያለሁ፤ ተቆጣጣሪዬንም እጠይቃለሁ» የሚል ነው። የኋለኛው ከብዙ ግምታዊ መልስ ይበልጣል። በመድኃኒት መጠን ላይ መገመት ድፍረት እንጂ እውቀት አይደለም።

አራተኛ፣ በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» ብሎ አለመነሣት ነው። በአንድ ተራ ስንት በሽተኛ ለአንድ ነርስ ይደርሳል? ለአዲስ ሠራተኛ የሚያሳየው ማን ነው? ጓንትና ሳሙና ይቋረጣል ወይ? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ሊሠራ የመጣ መሆኑን ያስታውቃል፤ መልሱም የሚገባበትን ቤት ያሳየዋል። ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የሙያ ፈቃዱንና መታወቂያውን ከነቅጂው በአንድ አቃፊ አዘጋጅቶ መሄድ እንደሚገባ ግን ማንም ያውቀዋልና አናስረዝመውም።

እስካሁን ለተፈታኙ ተናገርን፤ አሁን ለፈታኙ እንናገር። «ምን ብንዘጋጅ የሚቀጠረው ዘመድ ያለው ነው» የሚል ቃል በየመኝታ ክፍሉ እንሰማለን። ይህን የሚሉት ሁሉ ሰነፎች አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ክፍት ቦታ በማስታወቂያ ወጥቶ በውድድር እንዲሞላ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ያዛል። ነገር ግን ዘመድ የሚገባው በማስታወቂያው በር ሳይሆን በቃል ፈተናው መስኮት ነው። የጽሑፉ ውጤት በቁጥር ይታወቃል፤ የቃሉ ውጤት ከየት እንደ መጣ ማንም አያይም። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ እያንዳንዱ ፈታኝ ከሌላው ጋር ሳይማከር ነጥቡን በወረቀት ይጻፍ፤ የቃል ፈተናው ከመቶ ስንት እንደሚይዝ በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ ይነገር፤ ውጤቱም ተዘርዝሮ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፈቃድ ብቻ ይጠይቃል።

ሴቶች እኅቶቻችን የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ «አግብተሻል? በቅርቡ ለመውለድ ታስቢያለሽ?» የሚል ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥርም በዕድገትም በደመወዝም እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልጅ የምታዋልድ ሴት ፈልጎ ማስታወቂያ ያወጣ ቤት፣ አዋላጇ ራሷ እንዳትወልድ ሲሰጋ ማየት ያሳዝናል፤ ያስቃልም። ጥያቄው የቀረበላት እኅታችን ማዘን እንጂ ማፈር አይገባትም። «ሥራዬን የሚመለከተውን ሁሉ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ» ብላ በትሕትና ማለፍ ትችላለች።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ባዶ ክፍል ይፈቀድልን። በዚያ ከኪነ ጥበባት ፋኩልቲ ሁለት ተማሪ፣ በቅርብ ከተቀጠሩት አንድ ነርስ ወይም የጤና መኮንን፣ እንደ ኮሚቴ ተቀምጠን ተመራቂዎችን እንጠይቅ፤ እንረም፤ እንደገና እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ተፈትኖ የወጣ ሁሉ የተጠየቀውን ጥያቄ በዚያኑ ቀን ጽፎ ለማኅበሩ ይስጥ፤ ማኅበሩም አባዝቶ ለሚቀጥለው ተራ ያድል። ዛሬ ሁሉም የሚፈተነው ብቻውን ነው፤ የቀደመው የወደቀበትን ጉድጓድ ለሚከተለው ሳያሳይ ያልፋል። ሦስተኛ፣ ከላይ የዘረዘርነውን የፈተና ሥርዓት የሚጠይቅ ደብዳቤ ማኅበሩ በማኅተሙ ለቀጣሪዎች ይጻፍ። አንድ ተመራቂ ቢጠይቅ «አስቸጋሪ» ይባላል፤ ማኅበር ሲጠይቅ ግን ሥርዓት ነው።

የጓደኛችንን ነገር ጀምረን ልንተወው አይገባም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ በባዶ ክፍል ውስጥ እኛ ኮሚቴ፣ እርሷ ተፈታኝ ሆነን ቆየን። በመጀመሪያው ማታ ስቃ አቋረጠችው፤ በሦስተኛው ማታ ተቆጣች፤ በስድስተኛው ማታ የሕፃኑን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዐይኗን ሳትሰብር ተናገረችው። ከዚያም ሌላ ቤት ተፈተነች። ሁለት ሰው ፈልገው ነበር፤ ሦስተኛ ወጣች። ስሟ በሰሌዳው ላይ «ተጠባባቂ» ከሚለው ሥር ሰፍሯል፤ እስከ ዛሬም ትጠባበቃለች። ይህን የጻፍነው አንባቢ ዝግጅት ሁሉን ይፈታል ብሎ እንዳይሳሳት ነው። ነገር ግን የዚያን ቀን ከኮሪደሩ ስትወጣ ያለችን ቃል አልረሳንም። «ዛሬ ካልቀጠሩኝ ወንበር ስላልነበራቸው ነው፤ እኔ ስላልተናገርሁ አይደለም» አለች።

ወንበሩን ማብዛት የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ለዚያም ድምፃችንን ከማሰማት አንቦዝንም። አንድ ወንበር እንኳ በዝምታ እንዳይቀር ማድረግ ግን የእኛ የጓደኞቿ ዕዳ ነው። በመጪው ቅዳሜ እንጀምር።